ዘይት የሚችለውና የማይችለው

የሶፍትዌር ሠራተኛ ሰውነቱን የሚያስታውሰው ሲያመው ነው። እስከዚያ ድረስ አንገት ማለት ጭንቅላትን ስክሪን ፊት የሚያቆም ዕቃ ነው፤ ጀርባም የወንበሩ ተቀጥላ። ባንጋሎር በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ቢሯችን ውስጥ አንገቱን ወይ ወገቡን የማያመው ሰው ብትፈልጉ የምታገኙት ጥበቃውን ብቻ ነበር። እሱ ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳላ። የቀረነው ሁላችንም የየራሳችን መፍትሔ ነበረን። አንዱ ዮጋ ይላል፣ ሌላው ውድ ወንበር ይገዛል። ከኬረላ የመጡት ግን በአንድ ድምፅ «ዘይት» ይላሉ።

እኔን ወደ ዘይቱ የወሰደኝ ግን አንገቴ አይደለም፤ እናቴ ናት።

ባንጋሎር በገባሁ በስምንተኛው ወር እናቴን ስትሮክ መታት። ተረፈች፣ ተመስገን። ግን ግራ ጎኗ ደከመ። በከዘራ ትሄዳለች፤ የግራ እጇ ጣቶች ይታጠፋሉ፤ ትከሻዋ ሌሊት ሌሊት ያማታል። በየቀኑ የደም ግፊትና ደም የሚያቀጥን ክኒን ትወስዳለች። ሰፈሩ ደግሞ ያው ሰፈር ነው፤ ምክር አያልቅበትም። «ልጅሽ ህንድ አገር አይደለም እንዴ? የህንድ ዘይት እኮ ሽባ ይተረትራል!» ብለዋታል። አንድ እሁድ በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ዘይቱን ከላክልኝ እነዚህን ክኒኖች ልተዋቸው? ሆዴን አቃጠሉኝ እኮ።»

ይሄ ጥያቄ ቀልድ የለውም። ክኒኑን ከተወች ሁለተኛ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ዘይቱን ዝም ብዬ «ውሸት ነው» ብላት ደግሞ ከሰፈሩ ጋር በምክር መወዳደሬ ነው፤ በዚያ ውድድር ሁሌ የሚያሸንፈው ሰፈሩ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ወሰንኩ። ዘይቱ ምንድነው? እንዴት ይሠራል? ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ዘይትና ፍቅር በአንድ ቃል

ሰውነትን በዘይት ማሸት በአዩርቬዳ አብያንጋ ይባላል። የቻራካና የሱሽሩታ ጥንታዊ የሕክምና መጻሕፍት፣ በኋላም የቫግባታ አሽታንጋ ህሪዳያ በስፋት ያነሱታል። የገረመኝ ቫግባታ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ከከባድ ሕክምና ጋር ሳይሆን ከዕለታዊ ልማድ ጋር፣ ጥርስ ከመፋቅና ገላ ከመታጠብ ጎን ነው ያስገባው። በተለይ ጭንቅላት፣ ጆሮና እግር እንዳይዘለሉ ያሳስባል። ወዲያው ቀጥሎም ማን መቀባት እንደሌለበት ይናገራል፤ ለምሳሌ የበላው ምግብ ያልተፈጨለት ሰው። ጥቅሙን ጠርቶ ክልከላውን የሚያስከትል ጽሑፍ ደስ ይለኛል። ጥሩ የቴክኒክ ሰነድም እንደዚያ ነው።

ቃላቱም ይናገራሉ። በሳንስክሪት ዘይት ታይላ ነው፤ የመጣውም ሰሊጥ ማለት ከሆነው ቲላ ነው። ዘይት ሲባል መጀመሪያ የታሰበው የሰሊጥ ነበር ማለት ነው። ታሚሎችም የሰሊጥን ዘይት ናሌናይ፣ «ጥሩው ዘይት» ይሉታል። ሌላው ቃል ስኔሃ ነው። ስብም፣ ቅባትም፣ ፍቅርም ማለት ነው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አናት ላይ ቅቤ የሚያደርግ፣ አራስ ልጅን ቅቤ ቀብቶ የሚያሽ፣ ወለም ሲለው ወጌሻ ጋ የሚሮጥ ሕዝብ ነን። ወጌሻው እጁን ቀብቶ ጅማት ሲፈልግ ያየ ሰው አብያንጋን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ እነሱ የምግብ አሠራር እንደሚጻፍ አድርገው በመጠንና በልኬት መጻፋቸው ነው። የኛ ወጌሻ ዕውቀቱ ጣቱ ላይ ነው ያለው።

አንድ፣ አራት፣ አሥራ ስድስት

መጀመሪያ የመሰለኝ ዘይት ውስጥ ቅጠል ነክረው የሚያጠሉት ነበር። አይደለም። መሠረታዊው ልኬት 1 እጅ የተፈጨ ቅጠልና ሥር፣ 4 እጅ ዘይት፣ 16 እጅ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ የተቀቀለ ሥር ውኃ፣ ጭማቂ ወይም ወተት ሊሆን ይችላል። ሁሉም አንድ ላይ በቀስታ እሳት ይበስላል፤ ውኃው እስኪያልቅ።

ማለቁ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ነው ልቤን የወሰዱት። ከሥር የቀረውን አተላ ትንሽ ቆንጥረህ በጣቶችህ መሀል ታሸዋለህ። እንደ ክር ከተጠቀለለልህ ደርሷል። ክሩን እሳት ላይ ትይዘዋለህ። ከተንጣጣ ውስጡ ገና ውኃ አለ፤ ዝም ብሎ ከነደደ ውኃው አልቋል። ቴርሞሜትር በሌለበት ዘመን የተሠራ ፍተሻ ነው፤ ውጤቱም አዎ ወይ አይደለም ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ውኃ የቀረበት ዘይት ይበላሻል።

አንዳንዱ ዘይት ደግሞ ተደጋግሞ ይበስላል። ክሺራባላ የሚባለው ከባላ ሥር፣ ከወተትና ከሰሊጥ ዘይት የሚሠራ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ «101» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። የቨርዥን ቁጥር መስሎኝ ነበር። 101 ጊዜ በስሏል ማለት ነው። ያ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ በጠብታ የሚታዘዝ እንጂ ሰውነት የሚታሽበት አይደለም።

ድሮ ይሄን የሚያበስለው ቤተሰቡ ነበር። ቫይድያው፣ ማለትም ሐኪሙ፣ ይጽፋል፤ ዘመድ ሥር ይፈልጋል፣ ድስት ይጥዳል። እ.ኤ.አ. በ1902 ፒ. ኤስ. ቫሪየር ኬረላ ኮታካል ውስጥ አሪያ ቫይድያ ሳላን አቋቁመው የተዘጋጀ መድኃኒት ማቅረብ ከጀመሩ ወዲህ ዘይቱ ወደ ጠርሙስ እየገባ መጣ። ምቾት መጣ፤ ከምቾቱ ጋር ግን ድስቱን የማየት ዕድል ቀረ። አሁን ያለን መለያ ወረቀቱ ብቻ ነው።

መደርደሪያው ፊት

አንድ ተራ የባንጋሎር አዩርቬዳ ሱቅ ውስጥ ብትገቡ ግድግዳ ሙሉ ጠርሙስ ነው። ለመምረጥ የሚረዳችሁ የመጀመሪያው ነገር መነሻ ዘይቱ ነው።

አዩርቬዳ ሰውነትን በሦስት ዶሻ ይከፍላል። ቫታ ደረቅ፣ ቀዝቃዛና የማይረጋ ነው፤ ፒታ ትኩስና የሚያቃጥል ነው፤ ካፋ ደግሞ ከባድና ቀርፋፋ። ዘመናዊው ሳይንስ ሰው ውስጥ ሦስት ዶሻ አላገኘም፤ እኔም አገኘሁ አልልም። ግን ለዘይት ምርጫ እንደ አቋራጭ መመሪያ ክፉ አይደለም። ቆዳው የደረቀና የሚበርደው የሰሊጥ ዘይት ይወስዳል። ቆዳው ቶሎ የሚቀላና የሚሞቀው የኮኮናት። ከባድና እርጥብ ስሜት ላለበት የሰናፍጭ ዘይት፣ ወይም ዘይቱን ትቶ በደረቅ ዱቄት መታሸት ይመከራል። የሰናፍጭ ዘይት ቆዳ ያስቆጣል፤ ለሕፃን አይሆንም።

ቀጥሎ ስሞቹ ይመጣሉ። ማሃናራያና ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ የታወቀው የሰሊጥ ዘይት ነው። ዳንዋንታራም ባላ በሚባለው ተክልና በወተት የሚሠራ ነው፤ ኬረላ ውስጥ አራስ ሴቶች ይታሹበታል፤ ለደከመ ጡንቻም ይታዘዛል። ኮታምቹካዲ ደረቅ ዝንጅብል ያለበት የሚያሞቅ ዘይት ነው፤ ለሕመምና ለእብጠት ይባላል። ሙሪቬና በኮኮናት ዘይት የሚሠራ ሲሆን ለወለምታና ለምት ነው። ናልፓማራዲ የአራት የሾላ ወገን ዛፎች ልጥና እርድ አለበት፤ ለቆዳ ነው።

ዝርዝሩን ሳነብ አንድ ነገር ይደጋገምብኝ ነበር። እነዚህን ተክሎች አውቃቸዋለሁ! ዓለም ሁሉ በክኒን የሚገዛው አሽዋጋንዳ የኛው ግዛዋ ነው። ኤራንዳ ያሉት ጉሎ ነው። ባላም ከጭፍርግ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው፤ አዎ፣ ያው ግቢ የሚጠረግበት ጭፍርግ። አንዱ አገር መጥረጊያ ያደረገውን የአንዱ ዘመድ ሌላው አገር ከወተት ጋር ያፈላዋል።

ከስሙ በኋላ ወረቀቱን አንብቡ። እኔ የማያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የማምረቻ ፈቃድ ቁጥር አለው ወይ? የህንድ ሕግ አዩርቬዳን እንደ መድኃኒት ነው የሚቆጣጠረው፤ ፈቃድ፣ የባች ቁጥርና ቀን መጻፍ አለበት። መነሻ ዘይቱ በስም ተጽፏል ወይ? «የተፈጥሮ ዘይት» ብሎ የሚያልፍ ወረቀት ምንም አልነገራችሁም። የማዕድን ዘይት አለበት ወይ? አንዳንዱ ርካሽ ምርት አብዛኛው ፈሳሽ ፓራፊንና ሽቶ ነው። ፓራፊን ቆዳን ያለሰልሳል፣ ክፉ አይደለም፤ ግን የከፈላችሁት ለሌላ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ክፈቱና አሽትቱት። የተበላሸ ዘይት እንደ አሮጌ ቀለም ይሸታል፤ ጥሩ የበሰለው ደግሞ የሰሊጥ፣ የሥር፣ ትንሽም የወጥ ቤት ሽታ አለው።

ከዚህ በላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ ከአምስቱ በአንዱ ያህል እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ያ ጥናት የሚመለከተው በአፍ የሚወሰዱትን ነው እንጂ የሚቀባውን ዘይት አይደለም። ለእኔ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ለእናቴ የሚዋጥ ነገር አልልክም። በተለይ ደም የሚያቀጥን ክኒን ለሚወስድ ሰው ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ቁማር ነው።

የሐኪሟ መልስ

ሐምሌ ላይ አንድ የኬረላ ባልደረባዬ ትሪሹር ወደሚገኘው ቤተሰቡ ወሰደኝ። የሌሊት ባቡር ነው። ወቅቱ እነሱ ካርኪዳካም የሚሉት የዝናብ ወር ነበር። ሰው ሥራ ቀዝቀዝ አድርጎ ገንፎ የሚጠጣበት፣ ዘይት የሚታሽበት ወር ነው። ጷጉሜን ላይ በዝናቡ ለመጠመቅ ግቢ የሚወጡትን የሰፈራችንን ልጆች አስታወሰኝ። የባልደረባዬ አያት በጃንሆይ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሒሳብ አስተምረዋል። ከኬረላ እንደመጡት ብዙ መምህራን ማለት ነው። ስገባ «ተቀመጥ!» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ዝም በል!» ብለው ሳቁ። የቀረቻቸው አማርኛ ያቺ ነበረች።

እሳቸው ናቸው አንዲት የአዩርቬዳ ሐኪም ጋ የወሰዱኝ። ሐኪሟ አምስት ዓመት ተኩል የሚፈጀውን የአዩርቬዳ ዲግሪ የጨረሰች፣ ግድግዳዋ ላይ የአንጎል ሥዕልም የሰቀለች ሴት ናት። የእናቴን ታሪክ ነገርኳት። ጥያቄዎቿ አጭር ነበሩ። ስትሮኩ የደም መርጋት ነው ወይስ መፍሰስ? ግፊቷ ስንት ነው? በደከመው ጎኗ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይሰማታል? ፊዚዮቴራፒ ትሠራለች?

ከዚያ «ዘይቱ እጇን ይመልሰዋል?» አልኳት።

«እጇን የሚመልሰው፣ ከተመለሰ፣ አንጎሏና ልምምዱ ነው» አለችኝ። «ዘይቱ የተገተረውን ጡንቻ ያለዝባል፣ ቆዳውን ይጠብቃል፣ እንቅልፍ ይሰጣታል። ከልምምዱ በፊት ቢታሽላት ልምምዱ ይቀላታል።»

«ክኒኑስ?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ክኒኑን አስቁሞ ዘይት የሚሰጥ ሰው ካገኘህ፣ የኔ ሙያ ሰው ነኝ ቢልህም ጥለኸው ውጣ። ሆዷን ካቃጠላት ክኒኑን ላዘዘላት ሐኪም ትንገር፤ መፍትሔ አለው።»

ቀጥሎ የነገረችኝን ማስታወሻ ላይ ጻፍኩት፤ ለእናንተም ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ የሚጠቅመው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። የደከመው ጎን ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል የዘይቱን ሙቀት የሚለካው አሺው በራሱ የእጅ አንጓ ነው፤ ታማሚው «ደህና ነው» ስላለ አይታመንም። የደከመ ክንድ አይጎተትም፤ ትከሻው በቀላሉ ከቦታው ይወጣል፤ ከሥሩ ደግፎ ነው የሚታሸው። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ አይታሽም፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ትኩሳት፣ ቁስል፣ የቆዳ ኢንፌክሽን ካለም ይቆያል። ሰሊጥ አለርጂ የሚሆንበት ሰው አለ፤ አሜሪካም ከ2023 ጀምሮ በምግብ መለያ ላይ መጠቀስ ካለባቸው ዋና ዋና አለርጂዎች ውስጥ አስገብታዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ክንድ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ።

ዳንዋንታራም አዘዘችልኝ። «ካላገኘህ ግን ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት ይበቃል» አለችኝ ስወጣ። ዘይት በምታዝዝ ሐኪም አፍ ይሄን መስማቴ ከሁሉም በላይ እንዳምናት አደረገኝ።

አዲስ አበባ፣ ከእማዬ ጋር

ሥራዬን ከርቀት መሥራት ሲፈቀድልኝ ጠርሙሶቹን በላስቲክና በካልሲ ጠቅልዬ መጣሁ። የእማዬ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጸሎት የተደገመበት ነው?» ነበር። አይደለም አልኳት። ሁለተኛው «ምን አለበት?» ነበር።

«ሰሊጥ፣ ሥራ ሥር፣ ትንሽ ወተት።»

«ወተት? በዓቢይ ጾም?»

«እማዬ፣ አይበላም እኮ፤ ይቀባል።»

«ቆዳ አፍ የለውም ብሎ ማን ነገረህ?»

አልተከራከርኩም። እስከ ፋሲካ ዳንዋንታራሙ ቁም ሳጥን ገባ፤ ከሰፈር ዘይት መጭመቂያ ቤት ያልተቆላ የሰሊጥ ዘይት ገዛሁ። የተቆላው ለወጥ እንጂ ለገላ አይሆንም፤ ሽታው ከአንሶላው አይወጣም።

አሠራራችን ይሄ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከልምምዷ በፊት። አንድ የቡና ስኒ ዘይት ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ አሞቃለሁ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አልጥደውም። በእጄ አንጓ እለካለሁ። ከእግር እጀምራለሁ። ረጃጅሙን አጥንት ወደ ላይና ወደ ታች በረጅሙ፣ መገጣጠሚያውን በክብ፣ ሆድን በሰዓት አቅጣጫ በቀስታ። የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ፤ በኃይል ሳልከፍት፣ እስኪለቁ እየጠበቅሁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ እህቴ ለብ ባለ ውኃና በሽምብራ ዱቄት ታጥባታለች፤ ዱቄቱ ትርፉን ዘይት ይመጠዋል፣ እንደ ሳሙና አያደርቅም።

ሁለት ነገር ማንም አይነግራችሁም። አንደኛ፣ ዘይት የነካው ወለል ወጥመድ ነው። በከዘራ የምትሄድ ሴት ዘይት በተቀባ እግር ሊሾ ላይ ብትቆም ሌላ ሐኪም ቤት ነው የምንገባው። ስለዚህ ተቀምጣ እያለች እግሯን ጠርገን፣ ካልሲ አልብሰን ነው የምናስነሳት። ሁለተኛ፣ ዘይት የጠጣ ፎጣ ተከምሮ ሲሞቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይገባም።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ዳንዋንታራሙ ተሻገርን። መሐንዲስ ነኝና ሳልቆጥር አልቀረሁም። በሰሊጡ ሳምንታትም በዳንዋንታራሙም እንቅልፏን፣ የትከሻዋን ሕመም ከአሥር፣ ግፊቷን ጽፌአለሁ። በሁለቱም ጊዜ እንቅልፏ ረዘመ፣ የትከሻዋ ሕመም ቀነሰ። በሁለቱ ዘይቶች መካከል ግን ልዩነት አላየሁም። ግፊቷን የያዘው ክኒኑ ነው፤ ሐኪሟ ሆዷን የሚጠብቅ ሌላ ክኒን ጨመረላትና ማቃጠሉም ቆመ። አንዲት ሴትና አንድ ማስታወሻ ደብተር ጥናት አይባልም፤ እኔም አሻሻሉን በየቀኑ እያሻሻልኩ ነበር። ግን ለቤታችን ውሳኔ በቂ ነበር። ውዱ ጠርሙስ ሲያልቅ ወደ መጭመቂያ ቤቱ ተመለስን።

ያላሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። እኛ ቤት ትልቅ ሰው አይነካም። ሰላም ሲባል ይሳማል፣ ጉልበት ይሳማል፤ ከዚያ ውጪ የእናቴን እግር ይዤ ሃያ ደቂቃ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስትሮኩ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ግራ እጇን ሁላችንም እንደሚሰበር ዕቃ እንሸሸው ነበር። እሷም በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። አሁን ሳሽላት ታወራለች። ስለ አባቴ፣ ስለ ልጅነቷ፣ ሌላ ጊዜ የማትነግረኝን። እጇንም መሸፈን ትታለች። ስኔሃ ለምን ሁለት ትርጉም እንዳለው መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ገባኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት መጣች። ባሏን ስትሮክ መቶታል። «እትዬ፣ ያንን የህንዱን ዘይት እስቲ ስጡኝ» አለቻት። እማዬ ጓዳ ገብታ ከመጭመቂያ ቤቱ ሰሊጥ አንድ ጠርሙስ ሞልታ አመጣችላት። ከመስጠቷ በፊት ግን በቀኝ እጇ ጠርሙሱን እንደያዘች ጠየቀቻት፦

«ክኒኑን እየወሰደ ነው?»

«ኧረ እሱስ ሰልችቶት ተወው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን አስጀምሪው» አለቻትና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ዘይቱ የትም አይሄድም።»